ዓለምን የሚዞር ፊኛ በአማተር ሬዲዮ መከታተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቂት ግራም የምትመዝን ሬዲዮ የታሰረችበት ፊኛ ዓለምን ሲዞር ከረመ ሲባል ሰው መጀመሪያ አያምንም። ከዚያ ጥያቄውን ይደረድራል። ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ ፊኛ ከሜትሮሎጂ ፊኛ በምን ይለያል?

በዕድሜው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች የሚለቁት ፊኛ ከላቴክስ ጎማ የተሠራ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተለጠጠ ይሄዳል። 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይፈነዳል፤ የተሸከመው ዕቃም በፓራሹት ይወርዳል። ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ ነው። አማተሮችም፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው ሬዲዮን ለፍቅሩ ብለው የሚሠሩ ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን ይለቃሉ። ዋናው ደስታቸው በመኪና እየተከተሉ የወደቀበት ማሳ ድረስ ማሳደዱ ነው።

እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሌላው ነው፤ ፒኮ ፊኛ ይባላል። የሚሠራው ከማይለጠጥ ስስ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ከግብዣ ዕቃ መሸጫ የተገዛ የሚያብረቀርቅ የልደት ፊኛ ነው። ከ10 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። ከቀናው ለወራት አይወርድም። በ2014 አንድ አማተር ከእንግሊዝ የለቀቀው ፊኛ ምድርን ደጋግሞ ዞሯል።

ለምን አይፈነዳም? ለምንስ አንድ ከፍታ ላይ ይቀራል?

ሲለቀቅ ገና አልሞላም። የተጨማደደ ስለሆነ የሚያይ ሰው ሁሉ "በደንብ ንፉት እንጂ" ይላል። ውስጡ ያለው ሂሊየም ወይም ሃይድሮጅን የውጭው ግፊት በቀነሰ ቁጥር ይስፋፋል፤ ፊኛው ጥርቅም ብሎ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩ አይሰፋም። አየሩ ደግሞ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ፊኛው ክብደቱ ከአየሩ ጋር የተመጣጠነበት ቦታ ላይ ቆሞ ነፋሱ ወደወሰደው ይሄዳል።

ጨዋታው ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ፊኛው ዕቃውን ከተሸከመ በኋላ የሚተርፈው የማንሳት ጉልበት የጥቂት ግራም ብቻ መሆን አለበት። ጋዙ ከበዛ ላይ ሲደርስ ግፊቱ መጋጠሚያውን ይተረትረዋል። ካነሰ ደግሞ ቀስ እያለ ሲወጣ ደመና ውስጥ ይቆያል፤ በረዶ ይይዘውና ይወርዳል። ስለዚህ የሚያውቁበት ሰዎች የወርቅ ቤት ሚዛን ይዘው ነው የሚሞሉት። ቀደም ብለውም ፊኛውን በተራ አየር ነፍተው ለሰዓታት ያቆዩታል። ፕላስቲኩ በዚያ ትንሽ ስለሚላላ ኋላ ላይ ተጨማሪ ከፍታ ያስገኛል። አፉን ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢት በሚያሽግ የሙቀት ማሽን ይዘጉታል። በፕላስተር መዝጋት ቀላል ነው፤ ግን አይዘልቅም።

ምልክቱ እንዴት ነው ያን ሁሉ ርቀት የሚሄደው?

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ኤፒአርኤስ ነው። አማተሮች የመኪናቸውንና የጣቢያቸውን ቦታ የሚያሳውቁበት የቆየ ዘዴ ነው። በሰሜን አሜሪካ በ144.390 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓ በ144.800 ሜጋኸርዝ ይሠራል። መሬት ላይ ያሉ ጣቢያዎች ይሰሙትና ወደ ኢንተርኔት ያስገቡታል። ችግሩ ይህ ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መሆኑ ነው። ፊኛውና ጣቢያው መተያየት አለባቸው። 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ፊኛ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ለአውሮፓ ከበቂ በላይ ነው። አትላንቲክ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል፤ ማንም አጠገቡ የለማ።

ሁለተኛው ዊስፐር ይባላል። የሠራው ጆ ቴይለር ነው፤ በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ። ዘዴውን በ2008 ለአማተሮች አቀረበው። የፊኛ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በ14 ሜጋኸርዝ ላይ ይጠቀሙበታል። ይህ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው በኤሌክትሪክ ከተሞላ የላይኛው የአየር ንብርብር ላይ ይነጥርና ሩቅ አገር ይወርዳል። እንደገና ከመሬት ነጥሮ ሊቀጥልም ይችላል። ስለዚህ ፊኛው ውቅያኖስ መካከል ሆኖ ሌላ አህጉር ላይ ይሰማል።

የሚገርመው ጉልበቱ ነው። ትራከሩ፣ ማለትም ፊኛው ላይ የታሰረችው ሬዲዮ፣ የሚያወጣው ከ10 እስከ 20 ሚሊዋት ነው። የእጅ ስልካችሁ ሲበረታ 200 ሚሊዋት ገደማ ያወጣል። በዚያች ጉልበት ሺህ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጠው ቀስ ብሎ ስለሚናገር ነው። ከሸንተረር ማዶ ሰው የሚጣራ ገበሬ አጭር ቃል መርጦ ይጎትተዋል እንጂ ወሬ አይደረድርም። ዊስፐርም እንደዚያ ነው። አንድ መልእክት 50 ቢት ብቻ ይዛ 110.6 ሰከንድ ትፈጃለች። የምትይዘው የሬዲዮ ስፋት 6 ኸርዝ ገደማ ነው። መደበኛ ተቀባይ ከሚሰማው ጫጫታ 600 ጊዜ ያነሰች ምልክት እንኳ ኮምፒውተር ፈልፍሎ ያወጣታል። ለጆሯችሁ ፀጥ ያለ ሽሽታ ብቻ ነው የሚሰማው።

በ50 ቢት ምን መናገር ይቻላል?

ሦስት ነገር፦ የባለቤቱን የጥሪ ስም (ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን የፊደልና የቁጥር መለያ)፣ ፊኛው ያለበትን ቦታ፣ የሚያወጣውን ጉልበት። ቦታው በዲግሪና በደቂቃ አይነገርም። አማተሮች ምድርን ሜይደንሄድ በሚባል ፍርግርግ ይከፋፍሏታል፤ አንዱ ሳጥን በሁለት ፊደልና በሁለት አሃዝ ይጠራል። የአዲስ አበባው ሳጥን ኬጄ99 ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ሳጥን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 220 ኪሎ ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። "አዲስ አበባ አካባቢ ነኝ፤ ወይ ደብረ ብርሃን ልሆን እችላለሁ" እንደማለት ነው።

ታዲያ ካርታው ላይ ከፍታውና ሙቀቱ ሁሉ የሚታየው ከየት መጥቶ ነው?

ከሁለተኛ መልእክት። ዘዴዋ ብልጠት አለባት።

በዓለም አቀፉ አሠራር በ0፣ በ1 ወይም በኪው የሚጀምር የጥሪ ስም ለየትኛውም አገር አልተሰጠም። የፊኛ ሰዎች ይህን ክፍተት ያዙት። ትራከሩ እውነተኛውን የጥሪ ስም በላከ በሁለት ደቂቃው ሌላ መልእክት ይልካል። የጥሪ ስም ይመስላል፤ ግን ስም አይደለም። ፊደላቱና ቁጥሮቹ የተቆለፈ መረጃ ናቸው፦ ከፍታው በ20 ሜትር ልዩነት፣ ሙቀቱ፣ የሶላሩ ቮልቴጅ፣ ፍጥነቱ፣ እና ሳጥኑን ወደ 9 በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያጠብቡ ሁለት ተጨማሪ ፊደላት። ይህ በየ10 ደቂቃው ይደጋገማል።

የሐሰተኛው ስም ባለቤት ማን እንደሆነ የሚለየው በተቀጠረለት ደቂቃ፣ በፍሪኩዌንሲው እና በሁለት ቋሚ ፊደላት ወይም አሃዞች ነው። 600 ቻናሎች ተደልድለዋል። ፊኛ የሚለቅ ሰው ባዶ ቻናል አይቶ ይይዛል። ሁለት ሰው አንድ ቻናል ከያዘ መረጃው ይደበላለቃል፤ ፊኛውን ደግሞ ተመለስ አይሉት ነገር።

ለምን በሳተላይት አያደርጉትም?

ይቻላል፤ ግን ይከብዳል፣ ያስከፍላል፣ ደስታውም ይቀራል። ይህ ሥራ ከፊኛው ይልቅ የአድማጮቹ ነው። አንዱ ኖርዌይ ውስጥ፣ አንዱ ካናሪ ደሴቶች ላይ፣ አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ተቀባዩን ሌት ተቀን ይተወዋል። የሰማው ሁሉ ራሱ ወደ ዊስፐርኔት የመረጃ ቋት ይገባል። ማንንም አያውቅም፣ አይከፈለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊኛ እንደሰማም አያውቅም። እነዚህ ባይኖሩ ፊኛው ቢጮህ ባይጮህ ለውጥ የለውም።

ትራከሩ ምን ይመስላል?

ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ሰሌዳ። ላዩ ላይ ጂፒኤስ፣ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር እና ሞገድ አመንጪ አለ። ብዙዎቹ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ በሚባለው ርካሽ ሰሌዳ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ከጎኑ እንደ ብስኩት የሚሰባበሩ ስስ ሶላር ሴሎች ተያይዘውበታል። አንቴናው ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው፤ 5 ሜትር ያህሉ ከፊኛው እስከ ትራከሩ፣ 5 ሜትር ያህሉ ከትራከሩ ወደ ታች። ሁሉም ተደምሮ ከ20 ግራም ባያልፍ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ዩብሎክስን የመሳሰሉ የጂፒኤስ ቺፖች በተለመደው አሠራራቸው 12,000 ሜትር ላይ መሥራት ያቆማሉ። ለመንገደኛ የተሠሩ ናቸውና። "የበረራ ስልት" የሚባለውን በፕሮግራሙ ማብራት ያስፈልጋል። ያ ከተረሳ ፊኛው ልክ ጥሩ ከፍታ ላይ ሲደርስ ቦታው ይጠፋዋል።

ማታ ማታ ለምን ይጠፋል?

ባትሪ የለውም። እዚያ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ስለሚደርስ ተራ ባትሪ አይሠራም፤ ክብደቱም አይቻልም። ፀሐይ ከአድማስ ከፍ ስትል ትራከሩ ይነሳል፣ ሳተላይቶቹን ይፈልጋል፣ መናገር ይጀምራል። ስትጠልቅ ይተኛል። ፊኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል። ጠዋት ሌላ አገር ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። በፈረንጆቹ የብርድ ወራት ወደ ሰሜን ዋልታ የሄደ ፊኛ ለሳምንታት ሊጠፋና ድንገት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሁለት ቀን ስለጠፋ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋሉ?

ብዙዎቹ የሚለቀቁት ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ ስለሆነ የሚዞሩት በዚያው የኬክሮስ መስመር አካባቢ ነው። የሚነዳቸው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም ነው። በበጋችን ወራት አንዱ የዚህ ነፋስ ክንድ ወደ ደቡብ ወርዶ በግብፅና በሰሜን ዓረቢያ በኩል ያልፋል። ሪያድ ወይም ዱባይ የምትኖሩ፣ ያን ጊዜ ካርታውን ብትከፍቱ በአናታችሁ አካባቢ ሊያልፍ የሚችል ፊኛ አታጡም።

በክረምት የእኛ ሰማይ ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሕንድ ተነስቶ በዓረብ ባሕር፣ በኢትዮጵያና በሱዳን አድርጎ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚነፍስ የምሥራቅ ጄት አለ። ከፍታው ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ከክረምት ዝናባችን ጋር አያይዘው ይከታተሉታል። በዚያ ወቅት ከአዲስ አበባ የተለቀቀ ፊኛ ሌላው ዓለም ከለመደው ተቃራኒ ወደ ቻድና ወደ ናይጄሪያ ያቀናል ማለት ነው። ችግሩ ሰሚ ነው። በአፍሪካ ያሉ ተቀባዮች ጥቂት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ተቀባይ የሚተክል ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት።

ለአውሮፕላን አደጋ የለውም?

ከፍታው አውሮፕላኖች የሚበሩበት ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ክብደቱ ላይ ነው። በጥቅምት 2025 አንድ ቦይንግ 737 ዩታ ግዛት ላይ በ36,000 ጫማ ሲበር ከፊኛ ጋር ተጋጭቶ የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ፓይለቱ በስብርባሪ ቆሰለ፤ አውሮፕላኑ ሶልት ሌክ ሲቲ አረፈ። ያ ፊኛ የአንድ የአየር ትንበያ ድርጅት ነበር፤ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። የአማተሩ ፒኮ የዚያን ሃምሳኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚሸከመው። በእኔ እይታ ይህ "ምንም አይሆንም" ለማለት አይበቃም። ግራም መቀነስ ግን የከፍታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

የአሜሪካ ጦር የአማተር ፊኛ በሚሳይል መቷል የሚባለው እውነት ነው?

አልተረጋገጠም። ግን የጊዜው መገጣጠም ያስገርማል።

ኢሊኖይ ውስጥ "ኖርዘርን ኢሊኖይ ቦትልካፕ ባሉን ብርጌድ" የሚባል ክበብ አለ። በጥቅምት 2022 አንድ የብር ቀለም ያለው ፊኛ ለቀቀ። ፊኛው ዓለምን ስድስት ጊዜ ዞሮ ሰባተኛው ላይ ሳለ፣ ከ123 ቀን በረራ በኋላ፣ በየካቲት 10 ቀን 2023 በአላስካ ምዕራባዊ ዳርቻ 11.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰማ። ነፋሱ ወደ ካናዳዋ ዩኮን ነበር የሚነዳው። በማግስቱ አንድ ኤፍ-22 ተዋጊ ዩኮን ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ነገር በሳይድዋይንደር ሚሳይል መቶ ጣለ። ሳምንቱን ሙሉ የቻይናው ትልቅ ፊኛ ወሬ ስለነበር ሁሉም ሰማይ ሰማይ ነበር የሚያየው።

ስብርባሪው አልተገኘም፤ ፍለጋውም ቆመ። ፕሬዚዳንት ባይደን በዚያ ሰሞን የተመቱት ሦስት ነገሮች የግል ድርጅቶች ወይም የምርምር ተቋማት ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተናገሩ። ክበቡም "የእኛ ነው" አላለም፤ የጠፋ ብሎ መዘገበው እንጂ። እንዲህ ያለ ፊኛ የሚገዛው በ12 ዶላር አካባቢ ነው። ሚሳይሉ ከ400,000 ዶላር በላይ ያወጣል።

ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ሁለት ፈቃድ ነው፤ የሬዲዮና የሰማይ።

አሜሪካ ላላችሁ የመጀመሪያው የሬዲዮ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26 ከመለሳችሁ ታልፋላችሁ። ሞርስ ኮድ ከ2007 ጀምሮ ቀርቷል፤ ዜግነትም አይጠየቅም። ነገር ግን ያ የመጀመሪያ ደረጃ ለኤፒአርኤስ ነው የሚበቃው። በ14 ሜጋኸርዝ ዊስፐር ለመላክ "ጄኔራል" የሚባለውን ቀጣይ ደረጃ ማለፍ አለባችሁ። እንዲህ ያለ ቀላል ፊኛ ከአብዛኛው የበረራ ደንብ ነፃ ነው። የዲሲ አካባቢ ሰዎች ግን ልብ በሉ፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆን ብሎ ፊኛ መልቀቅን የሚከለክል ሕግ አላቸው። ለሳይንስ የተተወው በር ለማን እንደተተወ ቃል በቃል አንብቡት።

ፊኛው ደግሞ ድንበር አያውቅም። ብሪታንያ እስከ 2024 ድረስ ከአየር ላይ በአማተር ሬዲዮ ማሰራጨትን ትከለክል ነበር። ስለዚህ ብዙ ትራከሮች ብሪታንያ፣ የመን ወይም ሰሜን ኮሪያ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ዝም እንዲሉ ተደርገው ይሠራሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሬዲዮውን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሰማዩን ደግሞ ሲቪል አቪዬሽን። ከሁለቱም በጽሑፍ ሳትይዙ አትልቀቁ። ማሰራጫ ከውጭ ስታስገቡም ቦሌ ላይ ከምታስረዱ ቀድማችሁ ወረቀቱን ጨርሱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ አማተር ሬዲዮ አለ እንዴ?

አለ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። በዓለም ያሉ አማተሮች ኢትዮጵያን ለመስማት ጆሯቸውን የሚያቆሙት ለዚህ ጣቢያ ነው።

ሲወድቅ ቆሻሻ አይሆንም?

ይሆናል። አብዛኛው ባሕር ውስጥ ወይም ሰው የማይደርስበት ቦታ ይወድቃል፤ አይገኝም። "ጥቂት ግራም ነው" የሚለው መከራከሪያ እውነት ቢሆንም አያኮራም። ከመልቀቃችሁ በፊት የአየር ጠባዩን ማየት፣ ነጎድጓድ ካለ ቀኑን ማዛወር፣ ፊኛውን በደንብ ማሸግ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን ከመውደቅ ያድነዋል። በየሳምንቱ እየለቀቁ በየሳምንቱ የሚጥሉትን ሰዎች ግን እኔ አላደንቅም።

ምንም ሳልገዛ ዛሬ መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እንዲያውም መልቀቁን ወደ ኋላ ብላችሁ ከመስማት ብትጀምሩ ይሻላል። ለመስማት በብዙ አገር ፈቃድ አይጠየቅም፤ አገራችሁ የምትጠይቅ ከሆነ ግን አጣሩ።

ኪዊ ኤስዲአር የሚባሉ በኢንተርኔት የተከፈቱ ተቀባዮች በየአገሩ አሉ። አንዱን በብራውዘር ክፈቱ፤ 14.0956 ሜጋኸርዝ ላይ በላይኛው ጎን ባንድ (USB በሚለው ምርጫ) አድርጉት። ውስጡ ዊስፐር የሚፈታ መሣሪያ አለው፤ ምረጡት። ከወደዳችሁት በጥቂት አሥር ዶላሮች የዩኤስቢ ተቀባይ ገዝታችሁ በረንዳችሁ ላይ ሽቦ መዘርጋት ትችላላችሁ። የፊኛዎቹን ጉዞ ደግሞ ሶንድሃብ የአማተር ካርታ ላይ ታያላችሁ።

ሰዓቱ እንዳያምታታችሁ። መልእክቶቹ የሚጀምሩት በዩቲሲ (ዓለም በጋራ በሚጠቀምበት መነሻ ሰዓት) ለሁለት እኩል በሚካፈል ደቂቃ ነው፦ 00፣ 02፣ 04 እያለ። አገር ቤት ላላችሁ በቀን ሰዓታችን ላይ 3 ደምሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ዩቲሲ 6:00 ነው። ፀሐይ ወጥታ ትራከሮች ስለሚነቁ ያ ጥሩ ሰዓት ነው።

ከዚያ ዝርዝሩን ተመልከቱ። በ0፣ በ1 ወይም በኪው የሚጀምር እንግዳ የጥሪ ስም ካያችሁ ስህተት ነው ብላችሁ አትለፉት። ከሁለት ደቂቃ በፊት የገባውን መስመር እዚያው ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ፈልጉ፤ የባለቤቱ ስም እዚያ ላይ ነው።